የማገዶ ፍልጥ ማድረቂያ ግቢ፣ ደሴ፦ ከጥቅምት እስከ ሰኔ 2017 ዓ.ም. የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 5

ከኩታበር አንድ አይሱዙ ነጭ ባሕር ዛፍ ገብቶ ተራግፏል። ዛፉን የገዛሁት ከአንድ ገበሬ ከነቁመናው ሲሆን፣ ሰውየው ጉቶው ከመሬት ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በመጋዝ እንዲቆረጥና ቅርፊቱ እንዳይገፈፍ አጥብቆ አሳስቦናል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ በመጥረቢያ የተፈነከተ ጉቶ የሚቀጥለውን ዙር ያበላሽበታል። ለዛፉ 14,000፣ ለቆራጮችና ለሞተር መጋዝ 3,500፣ ለጫኝና አውራጅ 1,500፣ ለመኪና 5,500፣ ለመሸኛ (ለእንጨቱ ማዘዋወሪያ ፈቃድ) እና ለጥቃቅን ነገር 600፣ በድምሩ 25,100 ብር ወጥቷል። ጭነቱ 45 ኩንታል መዝኗል።

እኔ የማውቃቸው ሻጮች እንጨቱን በመጣ በሳምንቱ በኪሎ 7 ብር ገደማ ይሸጡታል። የእኔ ሐሳብ ከዝናብ በኋላ ባለው ደረቅ ወቅት አድርቄ፣ በልግ ሲገባና ሰው ደረቅ እንጨት ሲያጣ በተሻለ ዋጋ መሸጥ ነው። ግቢውን በወር 1,500 ብር ተከራይቻለሁ።

ጥቅምት 12

ግንዱ በ40 ሳንቲ ሜትር ተቆራርጦ አልቋል። ጉማጁን ሳንፈልጥ በግንቡ ጥግ፣ መሬት ላይ፣ ሁለት ረድፍ አድርገን ከመርነውና እንዳይረጥብ በሸራ ከላይ እስከ ታች ጠቅልለን በገመድ አሰርነው። ፍለጣውን ወደ በኋላ ያስተላለፍኩት፣ ከደረቀ ወዲያ በቀላሉ ይሰነጠቃል ብዬ ስለገመትኩና ለፈላጭ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረኝ ነው።

ኅዳር 3

ሸራውን ስንፈታ የወጣው ሽታ የረጠበ ጆንያ ይመስል ነበር። ከእንጨቱ የወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ሸራው ላይ ጤዛ ሆኗል፤ ታችኛው ረድፍ በነጭና አረንጓዴ ሻጋታ ተሸፍኗል፤ ግንቡን የተደገፈው ወገን ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላም ሲነኩት ይቀዘቅዛል። በአንድ ክምር ላይ አራት ስሕተት መሥራቴን አሁን ቆጥሬዋለሁ፦ አለመፍለጥ፣ መሬት ላይ ማስቀመጥ፣ ግንብ ማስደገፍና መጠቅለል። አምስተኛው የቦታው ጉዳይ ሲሆን፣ ግቢው በጦሳ ተራራ ግርጌ በመሆኑ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ጥላ ይወድቅበታል። ለዚህኛው መፍትሔ የለኝም።

አንድ ሽማግሌ ፈላጭ በኩንታል 50 ብር ተስማምተው መጡ። የመጀመሪያውን ጉማጅ አቁመው ፋሳቸውን ሲያሳርፉበት ፋሱ ነጥሮ ተመለሰ። ሽብልቅ ተክለው በትልቅ መዶሻ ሲመቱት፣ ሽብልቁ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ተቀርቅሮ ቀረ፤ እሱን ለማውጣት ሌላ ሽብልቅ አስፈለገ። የባሕር ዛፍ ጭረት እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ስለሆነ ውሃው ሲቀንስ ይጨባበጣል። ጫፉ ላይ ስንጥቅ ቢያሳይም ያ ስንጥቅ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

«ልጄ፣ ባሕር ዛፍ የሚፈለጠው ውሃው በላዩ ሳለ ነው። ከጠወለገ ወዲያ ሥራህ ከሽብልቅ ጋር መጣላት ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ምን ላድርገው አባባ?»

«አብሽር፤ ቀስ ብለን እንጨርሰዋለን። የሚመጣውን ግን በመጣበት ሳምንት ጥራኝ።»

በቀን 6 ኩንታል እፈልጣለሁ ያሉት ሰው ከሦስት በላይ አልገፋላቸውም፤ አንድ የፋስ እጀታም ተሰብሯል። የተስማማነው በኩንታል ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ ዋጋውን ወደ 80 ብር አሳደግኩላቸው።

ኅዳር 10 እና 11

ሁለተኛው ጭነት ከኩታበር ገባ፤ ዋጋውም ክብደቱም ከመጀመሪያው ብዙ አይለይም። ሽማግሌው ከአንድ ልጅ ጋር ሆነው በመጣ በማግስቱ ጀመሩት። ትኩሱ ጉማጅ በአንድ ወይም በሁለት ምት «ጧ» ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ የተከፈለው ፊት እርጥብ ነው፣ መዳፍ ላይ ይጣበቃል፣ የባሕር ዛፉም ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። አንጓ ያለበትን ጉማጅ ሽማግሌው ከመሐሉ አይጀምሩትም፤ ዙሪያውን ከጠርዙ እየላጡ ይገባሉ። ውፍረቱን ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እንዲያደርጉልኝ ጠይቄያለሁ።

አከማመሩን ሙሉ በሙሉ ቀይሬዋለሁ። ብሎኬት ደርድሬ በላዩ ሁለት ረጃጅም አጣና ዘረጋሁ፤ ፍልጡን አንድ ረድፍ ብቻ፣ ከግንቡ አንድ ክንድ አርቄ፣ ጫፉ ነፋሱ ወደሚመጣበት እንዲዞር አድርጌ እስከ 1.50 ሜትር ከፍታ ከመርኩት። ሸራው የሚሸፍነው አናቱን ብቻ ሲሆን ጎኖቹ ክፍት ናቸው። የጫፉ አቅጣጫ ትርጉም አለው፤ እንጨት በሕይወት ሳለ ውሃ ያመላልስባቸው የነበሩት ቀጫጭን ቱቦዎች በርዝመቱ ስለሚሄዱ፣ ከጎኑ ይልቅ በጫፉ በኩል በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይደርቃል። በ40 ሳንቲ ሜትር መቁረጥም የሚጠቅመው ለምድጃው ልክ ብቻ አይደለም።

ኅዳር 14

አሥር ፍልጥ መርጬ በቀለም ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ ከትናንት በስቲያ አብረው ሲመዘኑ 24.6 ኪሎ ነበሩ። የእርጥበት መለኪያም በ2,800 ብር ገዝቻለሁ። መሣሪያው ሁለት መርፌ ያለውና እንጨት ላይ ሲወጋ ቁጥር የሚያሳይ ነው። ቁጥሩን ከማመኔ በፊት በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ስለፈለግሁ፣ ከአንድ ትኩስ ጉማጅ መሐል ስስ ቁራጭ አስቆርጬ 200 ግራም መዘንኩና ቤት ባለው የኤሌክትሪክ ኦቨን ውስጥ ከ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ሳይርቅ፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አቆየሁት። 108 ግራም ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ሁለት አቆጣጠሮች ስላሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የወጣው ውሃ 92 ግራም ነው። ይህ ለደረቁ እንጨት ሲካፈል 85 በመቶ፣ ለእርጥቡ ጠቅላላ ክብደት ሲካፈል ደግሞ 46 በመቶ ይሆናል። መለኪያው የሚያሳየው የመጀመሪያውን ነው። ለደንበኛ የሚገባው ግን ሁለተኛው ነው፤ ከአንድ ኩንታል ትኩስ ፍልጥ ውስጥ 46 ኪሎው ውሃ ነው ማለት ነው። ለማገዶ ጥሩ የሚባለው በመለኪያው አቆጣጠር ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ነው።

ታኅሣሥ 10

አሥሩ ፍልጥ ኅዳር 26 ቀን 21.1 ኪሎ፣ ዛሬ 19.0 ኪሎ መዝነዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 3.5 ኪሎ፣ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት 2.1 ኪሎ ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ፍጥነቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ ይታየኛል። ሌሊት ብርዱ ጠንካራ ቢሆንም ቀኑ ደረቅና ነፋሻ በመሆኑ ሥራውን የሚሠራው ከፀሐዩ ይልቅ ነፋሱ ይመስለኛል፤ የክምሩ ዳርና ዳር ከመሐሉ ቀድሞ ቀለሙ ገርጥቷል።

ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት ያስቀመጥኳቸው አምስት ፍልጦች ከደሴዎቹ በግልጽ ቀድመው ቀልለዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው። ነገር ግን እንጨቱን አውርዶ መልሶ ዳገቱን ለማውጣት የሚከፈለው የመኪና ኪራይ ያገኘሁትን ጊዜ ይበላዋል፤ ከዚያም በላይ ሁለቱ ፍልጦች በመሬት በኩል ምስጥ ጀምሯቸዋል። ይህን ሐሳብ ትቼዋለሁ።

ታኅሣሥ 20

የዛሬው የሚያሳፍር ነው። ከመጀመሪያው ጭነት 8 ኩንታል ለአንድ ዳቦ ቤት በኪሎ 11 ብር ሸጬ ነበር። ከመላኬ በፊት በመለኪያው አሥራ አምስት ቦታ ወግቼ 17 እና 18 በመቶ ስላነበብኩ በልበ ሙሉነት «ደረቅ ነው» ብዬ ነበር የሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ደውለው ምድጃው እንደማይግልና ጋጋሪዎቹ በጭስ መቆም እንዳልቻሉ ነገሩኝ። ስደርስ ከሚነደው ፍልጥ ጫፍ ነጭ አረፋ እየፈላ ይወጣል።

አንዱን ፍልጥ እዚያው ለሁለት ሰንጥቄ አዲሱን ፊት ስወጋው 34 በመቶ አነበበ። ላዩ የደረቀ፣ ሆዱ ግን የረጠበ እንጨት ነበር። በሦስት ሳምንት የሸራ እስራት የተያዘው፣ ከዚያም በወፍራሙ የተፈለጠው የመጀመሪያ ጭነት ገና ብዙ ይቀረው ነበር፤ እኔ ደግሞ የለካሁት ልብሱን እንጂ ገላውን አልነበረም። ያልነደደውን 3 ኩንታል መልሼ፣ 3,300 ብር ከፍዬ፣ ለጋሪ 400 ብር ጨምሬ ተመለስኩ። ከእንግዲህ ከየክምሩ ላይ፣ መሐልና ታች አንዳንድ ፍልጥ አውጥቼ፣ ሰንጥቄ፣ በአዲሱ ፊት መሐል ሳልለካ አልሸጥም።

ሽማግሌው ሁለት ፍልጥ እርስ በርስ አጋጭተው ድምፁን ይሰማሉ፤ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ይታፈናል። ያን ቀን እንዲያጋጩልኝ ብጠይቃቸው ኖሮ 2,800 ብር የወጣበት መሣሪያ ባላሳሳተኝ ነበር፤ መሣሪያው በእርግጥ አልተሳሳተም፣ የወጋሁበትን ቦታ ነው የነገረኝ።

ጥር 9

ሦስተኛው ጭነት ኬላ ላይ አደረ። የደን ውጤት ማዘዋወሪያ መሸኛው ለሦስት ቀን የተሰጠ ነበር፤ መኪናው ጎማ ፈንድቶበት አንድ ቀን ሲዘገይ እኔ ቀኑን አላየሁም። ወረቀቱን አሳድሼ ለመመለስና ሾፌሩን ለማስጠበቅ 1,800 ብር ወጣ። ቀጣዩን መሸኛ መኪናው መጫኛው ቦታ ከደረሰ በኋላ አወጣለሁ።

አሥሩ ፍልጥ ትናንት 16.7 ኪሎ ነበሩ።

የካቲት 6

15.8 ኪሎ። ባለፈው ሳምንትም 15.9 ስለነበር በዚህ አየር ከዚህ ብዙ አይወርድም። ሁለቱን ሰንጥቄ መሐላቸውን ስለካ 19 እና 20 በመቶ አነበበ፤ በኦቨኑ ውጤት ሳሰላውም 19 ገደማ ይመጣል። በትኩሱ የተፈለጠና በትክክል የተከመረ ፍልጥ ደሴ ላይ በደረቁ ወቅት 12 ሳምንት ያህል ፈልጓል።

አሁን ሒሳቡ ይምጣ፤ ይህን ገጽ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ። 45 ኩንታል የነበረው ጭነት ወደ 29 ኩንታል ወርዷል። ወጪው ከነፍለጣው 27,350 ብር ነው። ትኩሱን በ7 ብር ብሸጠው በሳምንት ውስጥ 4,150 ብር አተርፍ ነበር። አድርቄ በኪሎ 12 ብር ስሸጠው 34,800 ብር አገኛለሁ፤ ነገር ግን ጭነቱ የሦስቱን ወር ኪራይ ብቻውን ከቻለ ወጪው 31,850 ብር ስለሚሆን፣ ሦስት ወር ጠብቄ የማተርፈው 2,950 ብር ነው። ግቢው ውስጥ ሦስት ጭነት በአንድ ጊዜ ካለና ኪራዩን ከተካፈሉት ለእያንዳንዱ 5,950 ብር ይደርሳል። እንግዲህ በአንድ ጭነት ፍልጥ ማድረቅ የኪሳራ ያህል ነው፤ ግቢው መሙላት አለበት።

ዋናው ችግር ግን የኪሎ ሽያጭ ራሱ ነው። በኪሎ ሲሸጥ ውሃ የሚሸከም ሰው ይከፈለዋል፣ ውሃውን ያወጣ ሰው ይቀጣል። ገዢውም 7 እና 12 ብርን ሲያወዳድር ውድ የሆንኩት እኔ ነኝ። በሙቀት ሲታይ ግን ሌላ ነው፤ 20 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኪሎ እንጨት ወደ 15 ሜጋጁል (የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው) ሲሰጥ፣ እንደ ትኩሱ ያለው 9 አይሞላም። በዚህ ሒሳብ የእኔ አንድ ኪሎ የእነሱን 1.7 ኪሎ ያህላል፤ 1.7 ኪሎ ትኩስ ደግሞ ወደ 12 ብር ይመጣል። ስለዚህ በቁጥር ብቻ ከሆነ እኩል ነን። ልዩነቱ ያለው ቁጥሩ በማይዘው ነገር ነው፦ እርጥብ እንጨት እሳቱን ስለሚያቀዘቅዘው ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ በጭስ መልክ ያመልጣል፤ ይህን በወረቀት ላይ ማሳየት አይቻልም።

የካቲት 18

በወረቀት ካልሆነ በምጣድ። ለሆቴሎች እንጀራ የሚያቀርቡ አንዲት ጎረቤት «ምርጥ» በሚባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃቸው ላይ እንድንሞክር ፈቀዱልኝ። አንድ ዓይነት ሊጥ፣ አንድ ምጣድ፤ በአንዱ ጠዋት 30 እንጀራ በትኩስ ፍልጥ፣ በማግስቱ 30 እንጀራ በእኔ ፍልጥ። ማሟሻውን ጨምሮ በመጀመሪያው ቀን 10.8 ኪሎ፣ በሁለተኛው 6.2 ኪሎ ነደደ። በመጀመሪያው ቀን አራት እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ቀርቷል፤ እትዬም ደጋግመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ «አንተ ልጅ፣ ይሄ እንጨት እኮ ያለቅሳል፤ እኔንም አብሮ ያስለቅሰኛል» አሉ።

ከዚህ ሙከራ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ወጣ። የምርጥ ምድጃ አፍ ጠባብ ስለሆነ የእኔ 10 ሳንቲ ሜትር ፍልጥ ለሳቸው ወፍራም ነው፤ እሳቱ በምጣዱ ሥር ሁሉ እኩል እንዲዳረስም ቀጭንና ቶሎ የሚያነበልብ እንጨት ይፈልጋሉ። ዳቦ ቤቶች በተቃራኒው ወፍራሙን ይመርጣሉ፤ አረቄ የሚያወጡት ደግሞ ነበልባል ሳይሆን ለረጅም ጊዜ ያልተለዋወጠ እሳት ነው የሚሹት። እስከ ዛሬ ሁሉንም በአንድ ውፍረት ማስፈለጤ ግድየለሽነት ነበር። ሽማግሌው ከአሁን ጀምሮ በሦስት ውፍረት ይፈልጣሉ፤ ለቀጭኑ በኩንታል 20 ብር ይጨመርላቸዋል።

መጋቢት 4

ረመዳን የካቲት 22 ስለገባ የምሽቱ ፍላጎት ጨምሯል፤ በሁለት ሳምንት 11 ኩንታል ሄዷል። የበልጉም ዝናብ ጀምሯል። ዝናቡ ከነፋስ ጋር በጎን ስለሚመጣ አናቱን ብቻ የሸፈነው ሸራ አልበቃም፤ ከክምሩ ሥርም ውሃ ተኝቶ ብሎኬቱን ከበበው። ከላይ በኩል ቦይ ቆፍረን ውሃውን አዞርነው፤ 12 ቆርቆሮ በ10,200 ብርና ሚስማር በ400 ብር ገዝቼ ከክምሩ ወደ ፊት አንድ ሜትር የሚወጣ ጣሪያ አሠራሁ። ማገሩና ወጋግራው ከራሳችን አጣና ስለሆነ አልተቆጠረም።

የረጠበው ፊት በመለኪያው 28 አንብቦ አስደንግጦኝ ነበር። ስሰነጥቀው ውስጡ 20 ነው። በአንድ ጊዜ ዝናብ የገባ ውሃ ላይ ላዩን ስለሚቀር በአራት ቀን ነፋስ ወጥቷል።

ሚያዝያ 2

ኪሎውን ትቼ በልክ መሸጥ ጀምሬያለሁ። ከአንግል ብረት ቁመቱም ወርዱም አንድ ሜትር የሆነ ክፈፍ በ2,600 ብር አስበየድኩ፤ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነው ፍልጥ ሲሞላበት 0.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሞልቼ ስመዝነው በአማካይ 168 ኪሎ ስለመጣ ዋጋውን 2,000 ብር፣ ግማሹን 1,000 ብር አድርጌዋለሁ። ለዚህ መሠረት የሆነኝ የክምሩ ከፍታ ነው፤ ኅዳር ላይ 1.50 ሜትር የነበረው የካቲት ላይ 1.42 ሆኖ ነበር። እንጨቱ ሲደርቅ ክብደቱ ከሦስት እጅ አንዱን ሲያጣ፣ የሚይዘው ቦታ የሚቀንሰው ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው። በክፈፍ ከሸጥኩ ማድረቄ አይቀጣኝም፤ ገዢውም ውሃ አይገዛም።

በክፈፍ ሽያጭ የሚመጣው ክርክር ሌላ ነው፤ ሰው የሚፈራው ሆዱ ባዶ የሆነ ክምር ነው። ዛሬ አንዲት እናት እኔ የሞላሁትን ክፈፍ በዝምታ ዞረው ተመለከቱና «ና ልጄ፣ ልቀቀው» ብለው መሬት አወረዱት። ከዚያ ራሳቸው ደረደሩት፦ ሰፊውን ፊት ወደ ታች፣ ሹሉን በሁለት ፍልጥ መካከል፣ ጠማማውን ለብቻ ለይተው ለላይኛው ረድፍ። ሲጨርሱ ከእኔ አሞላል 9 ፍልጥ ተጨማሪ ገብቷል። አልተከራከርኩም። ከዛሬ ጀምሮ የፈለገ ደንበኛ ራሱ ይደርድር ብያለሁ፤ ዘጠኝ ፍልጥ ለማስታወቂያ ብዙ አይደለም፣ እሳቸውም ለፋሲካ ሦስት ጎረቤት ይዘው መጥተዋል።

ግንቦት 14

ከመጀመሪያው ጭነት የተረፈው ወፍራም ፍልጥ አሁን መሐሉ 21 ደርሷል፤ ሰባት ወር ፈጅቷል። ሻጋታ የነካውን ሁለት ኩንታል ለይቼ እንደ ትኩስ ዋጋ ለጡብ አቃጣይ ሰጠሁ። የዚህ ጭነት መጨረሻ ሒሳብ ከነተመላሹና ከነትርፍ ፍለጣው 1,900 ብር ኪሳራ ነው። ሁለተኛው 5,400 ብር፣ ሦስተኛው ኬላውን ተሸክሞም 3,700 ብር አትርፈዋል። ጣሪያው፣ መለኪያውና ክፈፉ ግን 16,000 ብር ስለወሰዱ ዘንድሮ ሥራው ገና ዕዳውን አልጨረሰም።

ሰኔ 11

ክረምቱ ሊገባ ነው። አራተኛው ጭነት ሚያዝያ ላይ ስለገባ በበልጉ ምክንያት ገና 31 በመቶ ላይ ቆሟል፤ ክረምቱን በጣሪያው ሥር አሳልፎ በጥቅምት ይሸጣል እንጂ አሁን አይነካም። እትዬ ዛሬ መጥተው ቀጭኑ ፍልጥ እንዳለ ጠየቁ። የቀረው ሦስት ክፈፍ ተኩል ነው፤ ሦስቱን በስማቸው ጻፍኩ፣ ግማሹን ሽማግሌው ለቤታቸው ፈልገውታል።